ቀላል ላፕቶፕ ወይስ ጠንካራ? በየቀኑ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው

የመጀመሪያ ላፕቶፔ ስክሪን የተሰነጠቀው ሳይወድቅ ነው። ከመገናኛ ወደ ስድስት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ጨመረ፤ ቦርሳው በሆዴና በፊት ለፊቴ ባለው ወንበር መካከል ተጣብቆ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። ደርሼ ስከፍተው ከስክሪኑ መሐል የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ተነሥቶ እስከ ጥጉ ደርሷል። ቦርሳውን ሳራግፍ ምክንያቱ ታየኝ። የቻርጀሩ ሳጥን ከላፕቶፑ ክዳን ጋር ፊት ለፊት ተጋጥሞ ነበር፤ ስንጥቁም የጀመረው ልክ የሳጥኑ ጥግ ባረፈበት ቦታ ነው።

ያ ላፕቶፕ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። የመረጥኩትም ሳነሣው ከበድ ስላለኝ ነው፤ «ይሄ ጠንካራ ነው» ብዬ። አሁን ሰው ላፕቶፕ ልግዛ ብሎ ሲያማክረኝ ከሁሉ በፊት የማነሣበት ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ምርጫው «ወይ ቀላል ሆኖ ተሰባሪ፣ ወይ ከባድ ሆኖ ጠንካራ» ይመስለዋል። ገበያው ላይ ያለው ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። ከባድ ሆኖ ደካማ አለ፤ ቀላል ሆኖ ጠንካራም አለ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙ ተማሪ እጅ ላይ የሚገኘው የመጀመሪያው ነው።

ክብደቱ ከየት ይመጣል?

በዋናነት ከስክሪኑ ስፋት፣ ከባትሪውና ከቀፎው ነው። ባለ 15.6 ኢንች ርካሽ ላፕቶፕ የሚከብደው ሰፊ ስለሆነ ነው። ስፋቱ ደግሞ ይጎዳዋል፤ ሰፊ ክዳን መሐሉን ሲጫኑት ከጠባብ ክዳን ይልቅ ይጎብጣል። ዙሪያው ያለው ቀፎ ስስ ፕላስቲክ ሲሆን እንደ እኔው ላፕቶፕ ይሆናል።

ስለ ቀፎ ካነሣን፣ ማግኒዥየም በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 1.74 ግራም፣ አሉሚኒየም ደግሞ 2.7 ግራም ይመዝናል። የማግኒዥየም ቅይጥ ቀፎ ቀለም ተቀብቶ ስለሚመጣ ሲነካ ፕላስቲክ ይመስላል። ሱቅ ውስጥ ሰው አንሥቶት «ይሄማ ባዶ ነው እንዴ?» ብሎ ሲመልሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እጅ ግን ያታልላል፤ ያ «ባዶ» የተባለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ካለው ከባድ ላፕቶፕ የበለጠ ጫና ይችላል።

ጥንካሬን በእውነት የሚቀንሰው ቅጥነት ነው። አንድን ሰሌዳ ውፍረቱን በግማሽ ብትቀንሱት መጎበጥን የሚቋቋምበት አቅም ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ ቀለል ያለ ማቴሪያል የተጠቀመ አምራችና ለማማር ሲል ክዳኑን ያቀጠነ አምራች አንድ አይደሉም፤ ማስታወቂያው ላይ ሁለቱም «ቀላልና ቀጭን» ቢባሉም።

ለዚህ ከፓናሶኒክ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ይህ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ተፍቡክ የሚባለውን ለሜዳ ሥራ የሚሆን ላፕቶፕ አወጣ። ከአሁኖቹ አንዱ ተፍቡክ 40 ባለ 14 ኢንች ሆኖ 3.35 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ መያዣ እጀታ አለው፤ አቧራና የውኃ ግፊት አያስገባም። ያው ኩባንያ ግን ለአገሩ ገበያ ሌትስ ኖት የሚባል ሌላ ላፕቶፕ ይሠራል። ብዙዎቹ ሞዴሎቹ ክብደታቸው 1 ኪሎ አካባቢ ነው። የታሰበው በተጨናነቀ ባቡር ቆሞ ለሚሄድ የቢሮ ሠራተኛ በመሆኑ ኩባንያው በ100 ኪሎ ጫና ይፈትነዋል፤ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይም ይጥለዋል። ክዳኑ ልሙጥ አይደለም፤ እንደ መኪና ኮፈን መሐሉ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። መልኩን የማይወዱ አሉ። እኔ ግን ያንን ክዳን ሳይ የመገናኛው ሚኒባስ ትዝ ይለኛል፤ የሠራው መሐንዲስ የሰው ክርን ቦርሳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ላፕቶፕ የሚሞትባቸው ቦታዎች

«ጠንካራ» የሚለውን ቃል ሰው ሲሰማ የሚያስበው መውደቅን ነው። ላፕቶፕ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ እቀመጣለሁ። ጠረጴዛው ላይ የሚደረደሩት ዕቃዎች አብዛኞቹ ወድቀው የመጡ አይደሉም። ማጠፊያቸው የተነቀለ፣ ቻርጅ የማይቀበሉ፣ ቦርሳ ውስጥ ስክሪናቸው የተሰበረ፣ ቡና የፈሰሰባቸው ናቸው።

ማጠፊያውን ልዘርዝረው፤ በጣም ብዙ ሰው የሚያለቅስበት እሱ ነውና። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ሁለት ዓመት ያልሞላው ላፕቶፕ ይዛ መጣች፤ ክዳኑ ሲከፈት ከታች ያለው ቀፎ አብሮ አፉን ይከፍታል። ወዳጄ የሥሩን ብሎኖች ፈትቶ አሳየን። የማጠፊያው ብረት ምንም አልሆነም። የተሰበረው ብረቱ የታሰረበት ፕላስቲክ ነው። ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ሽንብራ የማያክሉ የናስ ቀለበቶች ፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብረው ነበር፤ አሁን ከነብሎናቸው ተነቅለው ከማጠፊያው ላይ ተንጠልጥለዋል። የተነቀሉበት ጉድጓድ ዙሪያ ፕላስቲኩ ዱቄት ሆኗል። ልጅቱ ክዳኑን ሁልጊዜ በቀኝ ጥጉ ይዛ ነበር የምትከፍተው፤ ማጠፊያው ደግሞ ሲቆይ ጠጥሯል፤ በየቀኑ አንዱ ጎን ብቻ ሲሳብ ፕላስቲኩ አለቀ። ወዳጄ በሁለት ቱቦ በሚመጣው ማጣበቂያ ሞላው። «ለጥቂት ወራት ይሄዳል» አላት፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባላትም።

ይህ ችግር በቢሮ ደረጃ በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ ብዙ አይታይም። በእነሱ ላይ ማጠፊያው የሚታሰረው ብረት ላይ ነው። የኤፕሉ ማክቡክ ኤርም ቀፎው በሙሉ አሉሚኒየም ስለሆነ በዚህ በኩል አያሳስብም። እዚህ ላይ 1.3 ኪሎ የሚመዝነው ዕቃ 2.2 ኪሎ የሚመዝነውን በግልጽ ያሸንፈዋል።

የቻርጅ ቀዳዳ ሁለተኛው ነው። ቤታችን ሶኬቱ ሩቅ ነው፤ ገመዱ ወለል ላይ ተዘርግቶ ሕፃን ይጠልፈዋል፣ ወይም መብራት ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በወጡት ማክቡክ ኤሮች (ኤም2 ከሚባለው የኤፕል ቺፕ ወዲህ) ገመዱ በማግኔት ነው የሚጣበቀው፤ ሲጠለፍ ይላቀቃል፣ ላፕቶፑ ካለበት አይነቃነቅም። የ2020ው ኤም1 ይህ የለውም፤ ነገር ግን የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳዎቹ ከማዘርቦርዱ (ከላፕቶፑ ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተለይተው ስለሚቀየሩ ጉዳቱ መጠኑን ያውቃል። የሌኖቮው ቲንክፓድ ቲ480 ላይ ደግሞ ቻርጅ የሚቀበለው ዩኤስቢ-ሲ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። «የብረት ቁርጥራጭ ነው» የሚባልለት ቲ480 የሚታመመው እዚህ ጋ ስለሆነ፣ ያለው ሰው ገመዱን ወደ ጎን እንዳይጎትት እመክራለሁ።

ስክሪን ላይ ግን ቀጭኑ ይሸነፋል። አዳዲሶቹ ማክቡኮች ሲዘጉ በስክሪኑና በኪቦርዱ መካከል የሚቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ኤፕል ራሱ ካሜራው ላይ መሸፈኛ ለጥፋችሁ አትዝጉት፣ ግድ ከሆነም ከተራ የማተሚያ ወረቀት ማለትም ከ0.1 ሚሊ ሜትር የማይወፍር ይሁን ብሎ አስጠንቅቋል። ይህንን ወደ ቤታችን ስታመጡት አንዲት የቆሎ ፍሬ ኪቦርዱ ላይ ቀርታ ክዳኑ ቢዘጋ ስክሪን ልትሰብር ትችላለች ማለት ነው። እያነበባችሁ ቆሎ የምትቆረጥሙ ከሆነ፣ ከመዝጋታችሁ በፊት እጃችሁን ኪቦርዱ ላይ አንዴ አሳልፉ።

ፈሳሽን በተመለከተ፣ የቲንክፓድ ቲ ተከታታዮችና የኤችፒ ኤሊትቡክ 840ዎቹ ኪቦርድ ሥር ፈሳሹን ወደ ታች የሚያስወጣ መንገድ አላቸው። ማክቡክ ኤር የለውም። ይህ መንገድ አንድ ሲኒ ውኃ ያሳልፋል፤ ስኳር ያለው ማኪያቶ ግን ቢወጣም ስኳሩን ትቶ ነው፣ ኪቦርዱ መቀየሩ አይቀርም። የትኛውም ላፕቶፕ ላይ ቢፈስ ወዲያው ማጥፋት፣ ቻርጀሩን መንቀል፣ ደፍቶ ማቆየት። እየሠራ እንደሆነ ዓይታችሁ አትቀጥሉ።

ሦስቱ ሰፈሮች

አሁን ወደ ስም እንግባ። ለተንቀሳቃሽ ሰው የሚሆኑ ላፕቶፖችን በሦስት እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀላልነትን ያስቀደሙ ናቸው። ኤልጂ ግራም ባለ 14 ኢንቹ በአንዳንድ ሞዴሎቹ 999 ግራም ነው፤ ባለ 17 ኢንቹ እንኳ 1.35 ኪሎ ገደማ ነው፤ ያን ያህል ሰፊ ስክሪን በዚህ ክብደት ማግኘት የሚያስደንቅ ነው። ቀፎው ማግኒዥየም ቅይጥ ቢሆንም ስትጫኑት ትንሽ ገባ ይላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ የለመደውን ሰው አያስፈራውም። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚወጣ ነው፤ ያገለገሉ ሆነው የሚገኙት ብዙዎቹ ወደ 1.1 ኪሎ ናቸው፤ ክዳናቸው ካርቦን ፋይበር ነው። ከቀላሎቹ ውስጥ ለጫና የማምነው እሱን ነው። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) የተበየደ በመሆኑ ግን ስትገዙ ያለው ያው ነው፤ መጨመር አይቻልም። ማክቡክ ኤር ኤም1 1.29 ኪሎ፣ ኤም2ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ባለ 13 ኢንቾች 1.24 ኪሎ ገደማ ናቸው። ማራገቢያ የላቸውም፤ ስለዚህ አቧራ የሚስብ ነገር የለም። ይህ በበጋ አቧራ ለሚሠራ ሰው ከሚገመተው በላይ ጥቅም አለው። ጉዳቱ ራሙም ማከማቻውም የተበየዱ መሆናቸው ነው፤ ማዘርቦርዱ ከሞተ ጽሑፋችሁም አብሮ ይሄዳል። ኤር የሚይዝ ሰው ፋይሉን ሌላ ቦታ ሳያስቀምጥ ማደር የለበትም።

መካከለኛዎቹ ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ያለው እዚህ ነው። ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ክብደቱ ከ1.48 ኪሎ ይጀምራል፤ ቲ480 ከ1.58 ኪሎ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ፣ ባለ 14 ኢንች፣ ሁለት የራም ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። 8 ጊጋ ራም ይዞ የመጣውን ነገ 16 ማድረግ ይቻላል። ዲስኩ ይወጣል፤ ላፕቶፑ ቢሞት ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ላይ ማንበብ ይቻላል። ቲ480 ደግሞ ሁለት ባትሪ አለው፦ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። የውጩን ሳታጠፉት ነቅላችሁ ሌላ ትተክላላችሁ። መብራት ከጠዋት እስከ ማታ በሚጠፋበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትልቁ 72 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) ባትሪ ሲገባ ግን ከሥሩ ያብጣል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ «1.58» የሚለው ቁጥር ያኔ አይሠራም። አሁን ድክመታቸው፦ እነዚህ ዕቃዎች ዕድሜ አላቸው። ባትሪያቸው አርጅቶ ይሆናል፣ ስክሪናቸው ደብዛዛ የሆነ አለ፣ እንደ ኤም1 ቀኑን ሙሉ አይቆዩም።

ሦስተኛዎቹ ተፍቡክና መሰሎቹ ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ አልልም። ከ3 ኪሎ በላይ ተሸክሞ መሄድ የሚገባው በመኪና ላይ ለሚሠራ፣ ግንባታ ላይ ለሚውል፣ ዝናብ ላይ ቆሞ መለኪያ ለሚያነብ ሰው ነው። ስክሪናቸው ፀሐይ ላይ እንዲነበብ ተደርጎ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲ ለሚሄድ ልጅ «አይሰበርም» ብላችሁ ብትገዙለት ቤት ትቶት ይሄዳል።

«ሚሊተሪ ግሬድ» የሚለው ቃል

«ወታደራዊ ደረጃ» ማለት ነው፤ ሻጮች ይህን ቃል ይወዱታል። ከኋላው ያለው ሚል ስታንዳርድ 810 የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ የፈተና ሰነድ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን «ጂ» የተባለው ቅጂ በ2008፣ «ኤች» ደግሞ በ2019 ወጥቷል። ውስጡ የሙቀት፣ የብርድ፣ የእርጥበት፣ የአቧራ፣ የንዝረትና የመውደቅ ፈተናዎች አሉ። የመውደቂያው ፈተና ከተሟላ ዕቃው ከ122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ በየጎኑና በየጥጉ ይጣላል።

ነገር ግን ወታደሩ ላፕቶፑን አይቶ ማኅተም አያሳርፍበትም። ከፈተናዎቹ የትኞቹን እንደሚወስድ የሚመርጠው አምራቹ ነው። የእርጥበትና የሙቀት ፈተና ብቻ አልፎም ሳጥኑ ላይ ስሙን መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ስታዩ መጠየቅ ያለባችሁ «የትኞቹን ፈተናዎች?» ብላችሁ ነው፤ የአምራቹ ገጽ የመውደቂያውን ከፍታ በቁጥር ካልጻፈ ስለ መውደቅ ምንም አልተናገረም። አቧራና ውኃ መከላከልን የሚያሳየው «አይፒ» የሚለው መለኪያ የበለጠ ግልጽ ነው። አይፒ66 ሲል የመጀመሪያው 6 አቧራ ጨርሶ አይገባም፣ ሁለተኛው 6 ጠንካራ የውኃ ግፊት ይችላል ማለት ነው። ተራ ላፕቶፖች ይህ ቁጥር የላቸውም፤ ያለው እንደ ተፍቡክ ባሉት ላይ ነው።

ክብደቱን ራሳችሁ መዝኑት

ማስታወቂያ ላይ ያለው ክብደት «ከ… ጀምሮ» ነው፤ ትንሹ ባትሪ፣ ያለ ንክኪ ስክሪን። ቻርጀሩም አይቆጠርም። እኔ ቦርሳዬን ከነሙሉ ዕቃው ሰፈር ያለ ሱቅ ወስጄ በስኳር ሚዛን አስመዝኜዋለሁ፤ ላፕቶፑ ከጠቅላላው ግማሽ እንኳ አልሆነም። ማስታወሻ ደብተር፣ የውኃ ኮዳ፣ ጃንጥላ፣ ምሳ ዕቃ፣ ያረጀው ቻርጀር ከነወፍራም ገመዱ። በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ ለሚያደርግ ላፕቶፕ ከእጅ መዳፍ የማይበልጡ አዳዲሶቹን ባለ 65 ዋት ቻርጀሮች መግዛት ከ200 ግራም በላይ ይቀንሳል፤ ለዚያ ያህል ክብደት ሌላ ላፕቶፕ መቀየር አያስፈልግም። የጌም ላፕቶፖችን የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ቻርጀራቸው ብቻውን ግማሽ ኪሎ እንደሚያልፍ ይወቅ።

ባትሪው የሚቆይ ከሆነ ቻርጀሩን ቤት ትታችሁ ትወጣላችሁ፤ የኤም1 ትልቁ የክብደት ጥቅም ይህ ይመስለኛል። በእጅ ሲመዘን ከኤሊትቡኩ የሚያንሰው በ200 ግራም ገደማ ነው፤ ያለ ቻርጀር ሲወጣ ግን ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ ይደርሳል።

ለእናንተ የትኛው?

በመኪና ወጥቶ በመኪና የሚገባ፣ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ክብደት ባያስብም ይሆናል። ስክሪኑ ሰፊ የሆነ፣ ኪቦርዱ በቀኝ በኩል ለብቻቸው የተደረደሩ የቁጥር ቁልፎች ያሉት ላፕቶፕ ይግዛ፤ ማጠፊያው ላይ ብቻ አይደራደር።

በታክሲ የሚመላለስ ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ ግን በሁለቱም በኩል ይጨነቃል። ማታ በ12 ሰዓት ታክሲ ጥበቃ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሞ ግማሽ ኪሎ ትከሻ ላይ ይታወቃል፤ ተሳፍሮ ደግሞ ቦርሳው ይጨመቃል። ለዚህ ሰው የምመርጠው 840 ጂ5ን ወይም ቲ480ን ከትንሹ ባትሪ ጋር ነው። ገንዘቡ ከፍ ካለና ሥራው ጽሑፍና ኢንተርኔት ከሆነ ኤም1፤ ነገር ግን ጠንከር ካለ ማቀፊያ ጋር፣ ቻርጀሩም በሌላ ኪስ። ከ1 ኪሎ በታች የሆኑትን ለእሱ አልመክርም፤ ያተረፋቸው 400 ግራም አንድ ስክሪን ቢቀየር ከሚወጣው ወጪ ጋር አይመጣጠንም።

ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ መረጃ የሚሰበስብ ሰው ሌላ ነው። እሱ ላይ አቧራው፣ ንዝረቱና መብራት አለመኖሩ ይደራረባሉ። ተለዋጭ ባትሪ ያለው ቲ480 እዚህ ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ደጋ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የድሮውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አውጥታችሁ ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ማከማቻ አስገቡ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው አንባቢ ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳሕን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳሕኑ ይቀርባል። ብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ ነው የተነገረላቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ችግር የለም፣ መንዝ ጓሳ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ላይ የገጠር መንገድ ንዝረት ሲጨመር ዲስኩ አይቆይም። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ክብደትም ይቀንሳል። በቀላልነትና በጥንካሬ መካከል መምረጥ የማያስፈልግበት ብቸኛው ግዢ እሱ ነው።

ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይል ሙቀት ነው፣ ሙቀት ማራገቢያ ይፈልጋል፣ ማራገቢያ ክብደት ነው። እሱ ከ2 ኪሎ በታች አይፈልግ።

ከውጭ በዘመድ የሚያስመጣ ደግሞ ለሚያመጣው ሰው አስቀድሞ ይንገር። ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ተለዋጭ ባትሪ ካለ ለብቻው የተነቀለ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ የቲ480 ትልቁም 72 ነው።

ሱቅ ስትገቡ

ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ጀምሩ። በአንድ እጅ የፊት ለፊቱን ጥግ ብቻ ይዛችሁ አንሡት። ቢያቃስት፣ ወይም ታችፓዱ ራሱን ቢጫን ቀፎው ደካማ ነው። ክዳኑን በአንድ ጣት ከመሐሉ ክፈቱት። የሥሩ ክፍል አብሮ ከተነሣ ማጠፊያው ጠጥሯል፤ ክዳኑ ግማሽ ላይ ሲተው ከወደቀ ደግሞ ላልቷል። ሁለቱም ነገ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከኋላ በኩል ክዳኑና ቀፎው የሚገጥሙበትን መስመር በጥፍራችሁ ተከተሉት፤ አንዱ ጎን ሰፋ ካለ ከዚህ በፊት ተጣብቆ ያውቃል።

ከዚያ አብሩት። ነጭ ገጽ ክፈቱና የክዳኑን ጀርባ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ጫኑ። ስክሪኑ ላይ ሞገድ ወይም ጥላ ከታየ የእጃችሁ ጫና ስክሪኑ ድረስ እየደረሰ ነው፤ የሰው ክርንም ይደርሳል። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ገመዱን ወደ ላይም ወደ ታችም ነካ አድርጉት። የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ ተዉት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አራቱን እግሮች ፈትኑ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀፎው ተጣሟል ወይም ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ ታችፓዱን ከሥር ይገፋዋል፤ ጠቅ ማድረግ ከከበደ ምልክቱ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን በቅናሽም አትውሰዱ፤ አደገኛ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሞዴሉን ጽፋችሁ ሰፈራችሁ ወዳለ ጠጋኝ ደውሉ። «የዚህ ስክሪንና ማጠፊያ አለህ?» በሉት። «ነገ ና፣ ከተፈታ አወጣልሃለሁ» ካለ ግዙት። «ከውጭ ነው የሚመጣው» ካለ፣ ላፕቶፑ የቱንም ያህል ቀላል፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢባል፣ ሌላ እንዲያሳያችሁ ሻጩን ጠይቁ።